ውሻውን ሳትወቅስ ገሉን እይ

ልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተህ ሁለት ውሻ ማሳደግ ጀመርህ አሉኝ። ነብሮ የእኛው ነው፤ ከደብረ ኤልያስ፣ ከእናትህ ደጅ የወሰድኸው። ቡቺ ግን ከአዲስ አበባ በካርቶን አቅፈህ ያመጣኸው፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ የገባ የፈረንጅ ውሻ ነው። አሁን ደግሞ «በፈሳቸው ቤት አስለቀቁኝ» እያልህ አንድ ቀን በሳቅ፣ አንድ ቀን በቁጣ ታወራለህ። ባለፈው ሳምንት ቡቺን ዝናብ ላይ አውጥተህ እንዳሳደርኸውም ሰምቻለሁ። ይህን አልወደድሁልህም።

እኔ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ያረጀሁ ሰው ነኝ። በሬም፣ በቅሎም፣ ውሻም በእጄ አልፏል። ፈስ በማዕድ ዙሪያ ነውር ነው፤ እንስሳ ለሚያክም ሰው ግን እንደ ሳልና እንደ ትኩሳት ያለ ምልክት ነው። ስለዚህ ሳላፍር በስሙ እየጠራሁ እነግርሃለሁ፤ አንተም ሳትስቅ ስማኝ። ልብህ ደግ እንደሆነ አውቃለሁ። እጅህ ግን ያገኘውን ይወረውራል።

1. ውሻውን ከመውቀስህ በፊት የሚበላበትን ገል እይ። አየር ወደ ውሻ ሆድ በሁለት በር ይገባል። አንዱ ሲበላና ሲጠጣ አብሮ የሚውጠው ነው። ሌላው ትንሹ አንጀት ሳይፈጨው ያለፈውን ምግብ በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የሚፈጠረው ነው። ከሚወጣው አየር እጅግ የሚበዛው ጭራሽ አይሸትም፤ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የመሳሰለው ነው። አፍንጫ የሚያስይዘው ድኝ ያለበት ጥቂቱ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። እኔ ድምፁ ከጉሮሮ፣ ሽታው ከገል ብዬ ይዤዋለሁ። ጮኾ የማይሸት ከሆነ አበላሉን መርምር፤ ድምፅ ሳያሰማ ሰው የሚበትን ከሆነ የሰጠኸውን መርምር። ለአንድ ሳምንት ያህል ውሾቹ የቀመሱትን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ የአከራይህ ልጆች በአጥር ቀዳዳ የሚያቀብሏቸውንም አትርሳ። የምትጽፈው ነገር ራስህን ያስደነግጥሃል።

2. በጾም ወራት ለውሻህ ሆድ አስብለት። ይህን አስረዝሜ የምነግርህ በእኛ አገር የነገሩ ሥር ይህ ስለሆነ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ጎመን ሲበላ ውሻውም ያንኑ ይበላል። ነብሮ ክርስትና አልተነሣ፣ የንስሐ አባት የለው፣ ግን ከእናትህ እኩል ሲጾም ነው የኖረው። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የፍልሰታ 15 ቀን አለ፣ የገና ጾም አለ። የደብረ ኤልያስ ውሻ ሥጋ የሚያየው በዓል ሲመጣ ነው፤ ሌላውን ጊዜ የሚያኖረው እንጀራና ጥራጥሬ ነው።

ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። እነርሱን የሚሰብር ኢንዛይም ሰውም ውሻም በትንሹ አንጀቱ ውስጥ የለውም። ስለዚህ ስኳሮቹ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያም ባክቴሪያው እንደ ጠላ ጥንስስ ያፈላቸዋል። ሽሮው ተቆልቶና ተፈጭቶ ሲመጣ ቀላል ይመስልሃል፤ ስኳሩ ግን ከዱቄቱ ጋር አብሮ አለ። ጎመን ደግሞ ድኝ ያለበት ስለሆነ ሽታውን ያከፋዋል። ጥራጥሬና ጎመን በአንድ ገል ከገጠሙ መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃህም።

ባቄላ መስጠትህ የማይቀር ከሆነ ማታ ዘፍዝፈው። ጠዋት ውሃውን ድፋ፤ በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ድረስ ቀቅለው። ከስኳሩ የተወሰነው ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል። በቆልት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይቀላል፤ ባቄላው ለማቆጥቆጥ ሲል ያንን ስኳር ራሱ ይጨርሰዋል። አሮጊቶቻችን በጾም በቆልት ማዘውተራቸው ለጣዕሙ ብቻ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን የገሉን መሠረት መቀየር ነው። ሩዝ በትንሹ አንጀት ውስጥ በደንብ ተፈጭቶ የሚያልቅ፣ ለባክቴሪያ እምብዛም ትራፊ የማይተው እህል ነው። ዛሬ የፎገራ ሩዝ በየገበያው አለ፤ የተሰባበረው ለውሻ ይበቃል። ተልጦ የተቀቀለ ድንችም ጥሩ ነው። ለጉልበቱ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጣልበት። እናትህ በጾም ድስቷ እንቁላል አታስቀቅልህም፤ ትክክል ናት። ለውሾቹ የተለየ ጣሳ ይኑራቸው፤ ውጭ ባለው ምድጃ ቀቅል። እንቁላል ሲበዛ ደግሞ እርሱም ድኝ አለውና መልሶ ይሸትሃል፤ በየቀኑ አታድርገው።

3. ምግብ በድንገት አትቀይር። ፋሲካ ሲደርስ የሚሆነውን ታውቃለህ። ሁለት ወር ሽሮ ሲልስ የከረመ ውሻ በአንድ ሌሊት ሞራ፣ አንጀት፣ የዶሮ አጥንትና የዱለት ትራፊ ይወርድበታል። በማግስቱ በየመንደሩ ሣር እየጋጠ የሚያስመልስ፣ በየአጥሩ ሥር የሚያስቀምጠው ውሻ አታጣም። ሰዉ «ቡዳ በላው» ይላል። ቡዳ አይደለም፣ ሞራ ነው። የአንጀት ባክቴሪያ ለለመደው ምግብ የተሰናዳ ነው፤ ሌላ ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ቅባት የበዛበት ምግብ በድንገት ሲመጣ ደግሞ ቆሽቱ ሊቆጣና ውሻው በጠና ሊታመም ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ሩቡን አዲስ፣ ሦስቱን እጅ የለመደውን ስጠው። ከዚያ እኩል በእኩል አድርግ፤ በሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ግባ። ከአዲስ አበባ በከረጢት የምታስመጣውም የውሻ ምግብ ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው። የከረጢቱን ጽሑፍም አንብብ፤ አኩሪ አተር ከፊት ከተጻፈ ከባቄላው ሸሽተህ ወደ ባቄላው ዘመድ ሄድህ ማለት ነው። የበሰለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋልና በበዓልም ሆነ በአዘቦት አትስጥ።

4. ወተትን ለቡችላ ተውለት፣ ለዚያውም የእናቱን። ቡችላ የወተትን ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ ጡት ከተወ በኋላ ግን ያ ኢንዛይም እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተሰበረው ስኳር እንደ ባቄላው ሁሉ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ አየር ይሆናል፤ ተቅማጥም ያመጣል። በእኛ ቤት አይብ ሲወጣ አጓቱ የውሻ ነው፤ ሴቶቹ ሳያስቡት ገሉ ላይ ይደፉታል። ጥቂት ከሆነ ነብሮ ለምዶታል፣ አይጎዳውም። ቡቺ ግን ሙሉ ጣሳ አጓት ጠጥቶ አልጋህ ሥር ቢተኛ ሌሊቱን ማን እንደሚቀጣ ታውቃለህ። እርጎና አሬራ ከጥሬ ወተት ይሻላሉ፤ ሲረጋ ከስኳሩ የተወሰነው ተበልቷልና።

5. ወጥ አትስጥ። ይህን አላስረዝመውም። የእኛ ወጥ ማለት ሽንኩርት ማለት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አይቀርበትም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። በአንድ ቀን ላታየው ትችላለህ፤ ትንሽ ትንሹ ሲጠራቀም ግን ድዱ ይነጣል፣ አቅሙ ይከዳዋል። «ስንት ዘመን በልቶ ምን ሆነ?» የሚልህ ሰው የሞቱትን አልቆጠራቸውም።

6. ሊጥና አተላ ክዳን ይኑራቸው። የድፎ ዳቦ ቡሆ ያገኘ ውሻ አይተህ ታውቃለህ? ሆዱ ሙቅ ስለሆነ ቡሆው እዚያው ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ እርሾው አየር ብቻ ሳይሆን አልኮልም ያወጣል። ውሻው ሆዱ ተወጥሮ፣ እየተንገዳገደ፣ ሰካራም ይመስላል፤ በእውነትም ሰክሯል። ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም፣ ይገድላል። አረቄ የሚወጣበት ደጅ ያለ ውሻም የአተላውን ጋን ይቀምሳል፤ አተላ ለበሬ ይሆናል ተብሎ ለውሻ አይሰጥም። ግብጦንም እዚሁ ልጨምርልህ። እኛ ግብጦ የምንበላው ቀናት በውሃ ከርሞ ምሬቱ ከወጣለት በኋላ ነው፤ ምሬቱ መርዝ ነውና። ውሻ ያልታጠበውን ካገኘ ፈስ ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ይሆናል።

7. አበላሉን አዘግየው። ነብሮ ያደገው ከሌሎች ውሾች ጋር እየተሻማ ነው። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብለህ ተመልከተው። አያኝክም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ አንገቱን ሰድሮ፣ አፉ የቻለውን ይዞ ወደ ውስጥ ይልከዋል። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ከቁራሹ ጋር አየር ሲገባ ጓ ጓ ሲል ይሰማሃል። ዓይኑ ደግሞ ገሉ ላይ የለም፤ ቡቺ ላይ ነው። ያን ሁሉ አየር ከፊሉን በግሳት ይመልሰዋል፤ ቀሪው መንገዱን ይጨርሳል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱን ለይተህ አብላ፤ አንዱን በጓሮ፣ አንዱን በበረንዳ፣ እንዳይተያዩ። የቀኑን ምግብ ሁለት ቦታ ከፍለህ ጠዋትና ማታ ስጥ፤ በቀን አንዴ የሚበላ ውሻ ርቦት ስለሚመጣ ይጎርሳል። ከገሉ መሐል ሊውጠው የማይችለው ትልቅ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አስቀምጥ፤ በዙሪያው እየለቀመ ለመብላት ይገደዳል። ወይም ምግቡን በሰፊ ትሪ ላይ በትነው። ለነብሮ ድንጋዩ ይስማማዋል፤ ቡቺ ግን አፉ አጭር ስለሆነ በድንጋዩ ዙሪያ መልቀም ይቸግረዋል፤ ለእርሱ ትሪው ይሁን።

8. ውሻ ስትገዛ ሆዱንም አብረህ እንደምትገዛ እወቅ። ቡልዶግ፣ ፓግ፣ ቦክሰርና ቦስተን ቴሪየር የሚባሉት ፊተ ደፍጣጣ ዘሮች በፈሳቸው በዓለም የታወቁ ናቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰው ለመልካቸው ሲል እያዳቀለ አፍንጫቸውን አሳጠረው፤ በአፋቸው ውስጥ ያለው ሥጋ ግን በዚያው ልክ አላጠረም። የአፍንጫቸው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ለስላሳው ላንቃ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ሲበሉ መተንፈስና መዋጥ በአንድ አፍ ላይ ይሻማሉ፤ አየሩ ከምግቡ ጋር ይገባል። ተኝተውም ያንኮራፋሉ፣ ያኔም አየር ይውጣሉ። ስለዚህ ቡቺ በደንብ ብታበላውም ከነብሮ በላይ መፍሳቱ አይቀርም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ዝናብ ላይ ማሳደርህን ያልወደድሁት ለዚህ ነው። አንድ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ እንዲህ ያለ ውሻ ሙቀትን አይችልም፣ ውሻ የሚበርደው በማለክለክ ነውና። ከአዲስ አበባ ስትመላለስ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በቀትር ይዘኸው አትለፍ፤ ማልደህ ተነሣ።

ጀርመን ሼፐርድ ልግዛ ብለህ ደግሞ እንደምታስብ ነግረውኛል። ጎበዝ ጠባቂ ነው፤ ሆዱ ግን ስስ ነው። በዚህ ዘር ላይ ከሌላው ይበልጥ የሚታይ አንድ በሽታ አለ፤ ቆሽቱ ምግብ የሚፈጭበትን ኢንዛይም ማመንጨት ያቆማል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ውሻው እንደ ጉድ ይበላል፣ ግን ይከሳል፤ ሰገራው ብዙ፣ የነጣና ቅባት የወዛው ይሆናል፤ ፈሱ ለጉድ ነው። ይህን «ስንፍና ነው፣ ምግቡን አብዛለት» ብለህ አታልፈው፤ በኢንዛይም ዱቄት የሚረዳ በሽታ ነው። አይሪሽ ሴተር የሚባለው ዘር ውስጥ ደግሞ የስንዴ ግሉተን የማይስማማቸው በዘር የሚወረስ ችግር ያለባቸው አሉ። ያን ዓይነት ውሻ ስንዴ ዳቦ ከሚበላ የጤፍ እንጀራ ቢበላ ይሻለዋል፤ ጤፍ የስንዴው ዓይነት ግሉተን የለውም።

የእኛ ውሻስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የስዊድን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ተኩላ የእህልን ስታርች የሚፈጭበት ኤ ኤም ዋይ 2 ቢ የሚባለው ጂን ሁለት ቅጂ ብቻ ነው ያለው፤ ውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ድረስ ተገኝቶበታል። ከገበሬ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ውሻ የገበሬን ትራፊ መፍጨት ተማረ ማለት ነው። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ ዛሬም አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል፤ ነብሮ ግን እንጀራ በልቶ አጥር ይጠብቃል። እርሻ ከሌለበት ከበረዶ አገር የመጣው ሀስኪ የዚህ ጂን ቅጂው ጥቂት ነው። አሁን አሁን በከተማው የሚታየውን ሀስኪ ገዝተህ በእንጀራና በሽሮ ላሳድገው ካልህ ሆዱ ይነግርሃል።

ይህን ብዬ ግን የአገር ውሻ ፈስ አያውቅም አልልህም። ብዙዎቻችን የአገር ውሻ አይሸትም የምንለው ደጅ ስለሚያድር ነው፤ ሽታውን ነፋስ ይወስደዋል። ነብሮን ወለል ላይ አስተኝተህ በሩን ስትዘጋበት ነው ዘሩን የጠላኸው።

9. ጥሬ ሳንባ ከሥጋ ቤት አታምጣ። ይህ ከሽታው ያለፈ ነው፣ ስለዚህ ቁም ነገሬን ስማ። ውሻ ሆዱ ውስጥ ትል ሲኖር አየር ይበዛበታል፤ ክብ ትሎች ይህን ያደርጋሉ፤ ትል ያልሆነው፣ በዓይን የማይታየው ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛም እንዲሁ። ተቅማጥ የተቀላቀለበት፣ የማያቆም ፈስ ካየህ ምግብ ከመቀየርህ በፊት ሰገራውን አስመርምር። ከሁሉ የምፈራልህ ግን ጭራሽ የማይሸተውን ነው። በሥጋ ቤት ለውሻ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ሳንባ ገልብጠህ ብታየው አንዳንዴ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታገኝበታለህ፤ በጉበት ላይም ይኖራል። እርሱ ኢኪኖኮከስ የሚባለው ትል እጭ ማደሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ውሻውን ብዙም አያሳምመውም፣ ፈሱም ላይ አይታይም። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጆች ያሻሹታል፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይበላሉ፤ ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ አድጎ ይገኛል። ስለዚህ ሳንባውን ከገዛህ ረጅም ሰዓት ቀቅለው። ከረጢት ያለበትን ለውሻ አትጣል፤ አቃጥለው ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበረው። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜው እንደምትሰጥ ሐኪሙን ጠይቅ። ለአከራይህ ልጆች ደግሞ ውሻ ነክተው ያለ ሳሙና ማዕድ እንዳይቀርቡ ንገራቸው፤ አንተም ጨምር።

10. ቀን ከታሰረ ማታ ፍታው፣ ጠዋት አንሸራሽረው። በደብረ ኤልያስ ውሻ ቀን ይታሰራል፤ የቅኔ አገር ነው፣ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲመጣ እንዳይነከስ። ይህ ደግ ልማድ ነው። የእኛ ውሻ ግን ማታ ይፈታል፤ ሌሊቱን አጥር ለአጥር ሲሮጥ ያነጋል፣ አንጀቱም አብሮት ይንቀሳቀሳል። አንተ ከልማዱ ማሰሩን ወስደህ መፍታቱን ትተኸዋል። ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሌሊት በር ተዘግቶበት የሚኖር ውሻ አንጀቱ ይተኛል፣ አየሩ ይጠራቀማል። ልክ ከበላ በኋላ ግን አታሩጠው፤ ምክንያቱን ከታች እነግርሃለሁ።

11. ለሰው የተሠራ የሆድ መድኃኒት አታጉርሰው። ለአንተ የሚያሽር ክኒን ውሻን ሊገድል ይችላል፤ በተለይ የሕመም ማስታገሻ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ከሰል፣ ዩካ የሚባል ተክልና ዚንክ ተቀላቅለው ለውሾች ሲሰጡ ሽታው እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህን ያነበበ አንድ ወዳጄ የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ለውሻው ሊሰጥ ነበር። የተባለው ከሰል ለመድኃኒት የተዘጋጀ ነው፤ የጉልቻ ከሰል አይደለም። ደግሞ ሽታውን ቢሸፍነው ያመጣውን ነገር አላነሣም። እኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ በገሉ ላይ መድከምን እመርጣለሁ።

12. የሚፈሳውን አትፍራ፣ መፍሳት ያቃተውን ፍራ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች፣ እንደ ጀርመን ሼፐርድና ግሬት ዴን ያሉት፣ ጥግብ ብለው በልተው ሲሮጡ ወይም አየር ሲውጡ ጨጓራቸው ተነፍቶ በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያኔ አየሩ ወደ ላይም ወደ ታችም መውጫ ያጣል። ምልክቱን በቃልህ ያዝ፦ ሆዱ ድንገት ይነፋል፣ ስትነካው ይጠነክራል፤ ሊያስመልስ ደጋግሞ ይታገላል፣ ከለሐጭ በቀር አይወጣለትም፤ መቀመጫ ያጣል፣ ድዱ ይገረጣል። በአባትህ ቤት በሬ ሲነፋ ዘይት ሲያጠጡት አይተሃል፤ ለውሻ ይህን እንዳትሞክር። የተጠመዘዘ ጨጓራ ዘይት አይፈታውም፣ ቀዶ ጥገና ነው የሚፈታው፤ ጊዜውም በሰዓት የሚቆጠር ነው። የገጠሩ ክሊኒክ ለከብት እንጂ ለውሻ ቀዶ ጥገና የተሰናዳ ላይሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባቸው እንደ ጎንደርና ቢሾፍቱ ያሉ ከተሞችም በሌሊት የሚደረስባቸው አይደሉም። ስለዚህ ጀርመን ሼፐርዱን ከመግዛትህ በፊት በደብረ ማርቆስ የውሻ ሆድ ከፍቶ የሚያውቅ ሐኪም ማን እንደሆነ አጠያይቅ። ስልኩን ያዝ፤ በእሑድና በበዓልም የሚያነሣ መሆኑን አንዴ ደውለህ አረጋግጥ።